የጀልባን ሆድ ሳይበሱ የጥልቀት መለኪያ ስለ መግጠም

በጣና ሐይቅ ዳርቻ እያረሳችሁ ዓሣም የምታጠምዱ ገበሬዎች፤ በመራዊ አጠገብ በቆጋ ግድብ ላይ መረብ የምትጥሉ ማኅበርተኞች፤ እንዲሁም ከአዴት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው ገጠር የምትሠሩ የልማት ሠራተኞች! ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ይናገራል። መሣሪያው በጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ከጀልባው በታች ያለውን የውሃ ጥልቀት በቁጥር ያሳያል። ብዙ ሰዎች ይህን መሣሪያ ለመግጠም የጀልባውን ሆድ መብሳት ግድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጀልባው ተስማሚ ከሆነ አንድም ቀዳዳ ሳይበሳ ከውስጥ በኩል በሙጫ አጣብቆ መትከል ይቻላል። እንዴት እንደሚደረግ፣ በየትኛው ጀልባ እንደሚሆንና በየትኛው እንደማይሆን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

፩. ጥልቀትን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

የጣና ሐይቅ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በአማካይ ቢታሰብ ደግሞ ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲመታው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ቶሎ ያነሣል። ውሃው ደለል የተቀላቀለበት በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ በዓይን ማየት አይቻልም። እንግዲህ ጭነት ያለበት ጀልባ በማዕበል መካከል ከስውር ድንጋይ ጋር ቢጋጭ ምን እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ምክንያት የውሃው ከፍታ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱም ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ በጥቅምት ያለ ችግር ያለፋችሁበት መንገድ በሰኔ የጀልባችሁን ሆድ ሊፍቅ ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ዓመት የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ስለ ወረደ፣ ትላልቆቹ መርከቦች ለአራት ወር ያህል መሄድ አቅቷቸው ቆመው ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ደለል ነው። ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ግልገል ዓባይ በየክረምቱ አፈር ተሸክሞ ይገባል፤ በአፉም ላይ መሬት እየጨመረ ወደ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። ጉማራ፣ ርብና መገጭም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ አባቶቻችን «እዚህ ጥልቅ ነው» ያሉት ስፍራ ዛሬ ጥልቅ ላይሆን ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የለመዱት ውሃ ከማያውቁት ውሃ ይልቅ ያዘናጋል።

፪. በመጀመሪያ የቱምቢ ገመድ ይኑራችሁ

ማናቸውንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት በእጅ የሚለካ ገመድ አዘጋጁ። ዋጋው እጅግ ጥቂት ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። ወደፊት የምትገጥሙት መሣሪያ እውነት መናገሩን የምትፈትኑትም በዚሁ ገመድ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 16 ሜትር ርዝመት ያለው ጠንካራ ገመድ ውሰዱ። በጫፉ ላይ ግንበኛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ቱምቢ ወይም አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት እሰሩ። ገመዱን ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ዘርጉት፤ በተለይ የቃጫ ገመድ ሲርስ ስለሚያጥር በደረቁ ቢለካ ያሳስታል። ከቱምቢው ታችኛ ጫፍ ጀምራችሁ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ፣ በየሜትሩ ቀይ ጨርቅ፣ በየአምስት ሜትሩ ነጭ ጨርቅ እሰሩ። ከቱምቢው ሥር ጥቂት ሞራ ወይም ሰም ብትለጥፉበት የሐይቁ ወለል ጭቃ፣ አሸዋ ወይም ድንጋይ መሆኑን ትረዳላችሁ። ጭቃና አሸዋ በሞራው ላይ ተጣብቆ ይወጣል፤ ድንጋይ ከሆነ ግን ሞራው ተፍቆ ባዶውን ይመለሳል።

ገመዱ አንድ ጉድለት አለው። ለመለካት ጀልባው መቆም አለበት፤ ማዕበል ሲኖርም ገመዱ ዘንበል ስለሚል ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳያል። የድምፅ መለኪያ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

፫. የድምፅ መለኪያ እንዴት ይሠራል?

በገደል ፊት ቆማችሁ ብትጮኹ ድምፃችሁ ተመልሶ ይሰማችኋል። ይህን የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ቶሎ ይመለሳል፤ ሩቅ ከሆነ ይዘገያል። የጥልቀት መለኪያውም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ የሐይቁን ወለል መትቶ ሲመለስ ይቀበላል፤ የቆየበትን ጊዜ ቆጥሮም ጥልቀቱን ያሰላል።

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። በውሃ ውስጥ ግን ከዚህ አራት ጊዜ በላይ ይፈጥናል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1826 ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሁለት ሰዎች በጄኔቫ ሐይቅ ላይ በሁለት ጀልባ ሆነው ለክተዋል። ከአንደኛው ጀልባ በውሃ ውስጥ ደወል ተመታ፤ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ተለኮሰ። በሩቅ ያለው ሰው የባሩዱን ብልጭታ ካየበት አንሥቶ የደወሉን ድምፅ በውሃ ውስጥ በተነከረ ቧንቧ እስከ ሰማበት ድረስ ያለውን ጊዜ ቆጠረ። ያገኙትም በሴኮንድ 1,435 ሜትር ነበር። ያ ውሃ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሞቅ ባለ ውሃ፣ ይኸውም በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ፍጥነቱ 1,480 ሜትር ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ ከጀልባችሁ በታች 7 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢኖር፣ ድምፁ ወርዶ ሲመለስ 14 ሜትር ከ80 ይጓዛል። ይህም የሚፈጀው ከሴኮንድ መቶኛውን ክፍል ብቻ ነው። ሰው ይህን ሊቆጥር አይችልም፤ መሣሪያው ግን ይቆጥራል።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከመሪው አጠገብ የሚቀመጥና ቁጥሩን የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ድምፅ የሚልከውና የሚቀበለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሻጮች ትራንስዱሰር ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ድምፅ ላኪ እንለዋለን። እንደ ጣና ላለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በሴኮንድ 200 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሚልከው ዓይነት ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ የሆነውን ስለማይሰማ ይህ ድምፅ አይሰማንም።

አሁን የነገሩን ሁሉ መሠረት የሆነውን ሕግ ልብ በሉ። ይህ ድምፅ ከውሃ ወደ ጠጣር ነገር፣ ከጠጣር ነገርም ወደ ውሃ ማለፍ ይችላል። አየር ሲያገኝ ግን እንደ ግድግዳ ሆኖበት ወደ ኋላ ይመለሳል። እንደ ወረቀት የሳሳ የአየር ሽፋን እንኳ ያግደዋል። ስለዚህ ድምፅ ላኪው በጀልባው ሆድ ላይ ከውስጥ ተጣብቆ መሥራት የሚችለው በእርሱና በሐይቁ ውሃ መካከል ምንም አየር የሌለ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

፬. የትኛው ጀልባ ይስማማል?

በሐይቃችን ላይ ልዩ ልዩ ጀልባዎች አሉ። ከጥንት የመጣው የደንገል ታንኳ ዛሬም አለ፤ በሞተር የሚሄዱ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ደግሞ ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገብተዋል። ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚሆነው ዘዴ ይለያያል።

ሀ) የፋይበር ግላስ ጀልባ። ሆዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥና ጠጣር ከሆነ ድምፁ አልፎት ይሄዳል። ቀዳዳ ሳይበሱ ከውስጥ መግጠም የሚቻለው በዚህ ጀልባ ነው። ነገር ግን አንዳንድ የፋይበር ግላስ ጀልባ ቀላል እንዲሆን ተብሎ በሁለት ንጣፍ መካከል ስፖንጅ ወይም ቀላል እንጨት ተደርጎበታል። ስፖንጁም እንጨቱም አየር ስለ ያዘ ድምፁን ያፍነዋል። እንዲህ ባለው ላይ ማጣበቅ ድካም ብቻ ነው።

ለ) የእንጨት ጀልባ። እንጨት በውስጡ ብዙ ጥቃቅን የአየር ጉድጓድ አለው። ከውስጥ ቢለጠፍ አይሠራም።

ሐ) የብረት ወይም የአሉሚኒየም ጀልባ። ብረቱ የድምፁን ብዙ እጅ ስለሚመልሰውና ስለሚያንቀጠቅጠው የሚገኘው ቁጥር አይታመንም። ከውስጥ ማጣበቅ አይመከርም።

ለእንጨትና ለብረት ጀልባ የሚሻለው ድምፅ ላኪውን ከጀልባው በስተኋላ፣ በውጭ በኩል፣ በማቀፊያ ብረት ላይ አስሮ ፊቱ ብቻ ውሃ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚሆን ድምፅ ላኪ ከማቀፊያው ጋር ለብቻው ይሸጣል። በኋለኛው ግድግዳ ላይ አስቀድሞ ጠንካራ ሳንቃ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ብታጣብቁ፣ ብሎኑን በሳንቃው ላይ ስለምታስሩት ጀልባው አይበሳም።

መ) የደንገል ታንኳ። ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር የሞላበት ስለሆነ ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፈው አየር ድምፅንም ያግዳል። ለታንኳ የሚሆነው የቱምቢ ገመድና ረጅም ዘንግ ነው።

፭. ለምን አንበሳም?

ድምፅ ላኪውን በቀዳዳ አሳልፎ ከውሃው ጋር የሚያገናኝ አገጣጠም እንዳለ አይካድም፤ በትላልቅ መርከቦችም ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ይህ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ትክክለኛ መሰርሰሪያና ጥሩ ማሸጊያ ይፈልጋል። ከውሃ በታች ያለ ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ቀስ በቀስ ያፈስሳል፤ በፋይበር ግላሱ ንጣፎች መካከል ውሃ ገብቶም ሆዱን ያበሰብሳል። ጀልባው የማኅበሩ ዋና ንብረት ነው። ስለዚህ ሳይበሱ መሥራት ሲቻል መብሳት ተገቢ አይደለም።

ከውስጥ መግጠም ግን ዋጋ አለው። የጀልባው ሆድ ከድምፁ ኃይል ከፊሉን ያስቀራል። ለጥልቅ ባሕር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። 14 ሜትር ለማይበልጠው ለጣና ግን የቀረው ኃይል ይበቃል። መሣሪያው የውሃ ሙቀት የሚለካ ከሆነ ደግሞ የሚያሳየው የጀልባውን ሆድ ሙቀት እንጂ የሐይቁን አይደለም፤ በዚያ ቁጥር አትመኑ።

፮. የአገጣጠም ቅደም ተከተል

የሚያስፈልጉት ነገሮች፦ መሣሪያው ከነመመሪያው፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ሙጫ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አልኮል፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከሰፊ የፕላስቲክ ቧንቧ የተቆረጠ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀለበት፣ የእጅ ጓንትና የቱምቢ ገመዳችሁ።

1ኛ) ቦታ መምረጥ። ጀልባውን በርዝመቱ ለሦስት ከፍላችሁ የኋለኛውን ሢሶ ተመልከቱ። ከመካከለኛው መስመር አጠገብ፣ ነገር ግን በራሱ በመካከለኛው አጥንት ላይ ያልሆነ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። ጀልባው ሲፈጥን ፊቱ ስለሚነሣ የፊተኛው ሆድ ከውሃ ይወጣል፤ የኋለኛው ግን ምንጊዜም ውሃ ውስጥ ነው። ከሞተሩ ውሃ ገፊ ክንፍ በተቻለ መጠን ራቁ፤ ክንፉ የአየር አረፋ ይፈጥራልና። ከበላዩ የተነጠፈ ሁለተኛ ወለል ካለ ከፍታችሁ የመጨረሻውን ሆድ አግኙ። በወለሉና በሆዱ መካከል አየር ስላለ በወለሉ ላይ ማጣበቅ ዋጋ የለውም።

2ኛ) ሆዱ ጠጣር መሆኑን መመርመር። በቢላዋ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩ። ጠጣር ስፍራ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ክፍት ወይም ስፖንጅ የሆነው እንደ ከበሮ ይደነግጣል። ከጀልባው ሠሪም ጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የሚከተለው ፈተና ነው።

3ኛ) ሳያጣብቁ መፈተን። ይህን አትዝለሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ጀልባው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሳለ የመረጣችሁትን ቦታ በውሃ አርሱ። በፕላስቲኩ ከረጢት ውስጥ ውሃ ጨምራችሁ በዚያ ላይ አኑሩት። ድምፅ ላኪውን በከረጢቱ ውሃ ውስጥ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙ፤ መሣሪያውንም ክፈቱ። ከረጢቱ ከሆዱ ጋር፣ ድምፅ ላኪውም ከከረጢቱ ጋር ያለ አየር መገናኘታቸውን ተመልከቱ። ወዲያው በዚያው ስፍራ የቱምቢውን ገመድ ጣሉና ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቦታው ጥሩ ነው። መሣሪያው ቁጥር ካላሳየ ወይም ቁጥሩ ከዘለለ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብላችሁ ደግሙ። በሁሉም ስፍራ እንቢ ካለ ጀልባው ለዚህ ዘዴ አይስማማም ማለት ነው፤ ወደ ኋለኛው ማቀፊያ ተመለሱ። ሙጫውን ስላላባከናችሁ ያጠፋችሁት ጊዜ ብቻ ነው። ቦታው ሲገኝ በማይለቅ ቀለም ክበብ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉበት።

4ኛ) ማጽዳት። ጀልባውን ወደ ዳር አውጥታችሁ በውሃ ላይ እንደሚቀመጥ አድርጋችሁ አስተካክላችሁ አቁሙት። በክበቡ ውስጥ ያለውን ቀለም፣ ቅባትና የዓሣ ዝቃጭ ጠርጋችሁ እስኪለሰልስ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ከዚያ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉና ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥበት ወይም ቅባት ካለ ሙጫው በኋላ ይላቀቃል።

5ኛ) ሙጫ ማዘጋጀትና ማፍሰስ። የፕላስቲኩን ቀለበት በክበቡ ላይ በጥቂት ሙጫ አጣብቁ፤ ይህ ፈሳሹን የሚይዝ ግድብ ነው። ጓንት አድርጉ፤ ነፋሻ ቦታ ሥሩ፤ እሳትና ሕፃናትን አርቁ። ሁለቱን የሙጫ ክፍሎች በመመሪያው በተጻፈው ልክ ለኩ። ስትቀላቅሉ እንደ እንቁላል አትምቱት፤ በዝግታ አማስሉት። መምታት አየር ያስገባል፤ አየር ደግሞ የዚህ ሥራ ጠላት ነው። ቶሎ የሚደርቅ ሙጫም ሲግል አረፋ ሊያወጣ ስለሚችል ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይመረጣል። የተዘጋጀውን ሙጫ በቀለበቱ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እስኪል ድረስ በቀጭኑ አፍስሱ።

6ኛ) ድምፅ ላኪውን መትከል። የድምፅ ላኪውን ፊት ንጹሕ አድርጉ። በመጀመሪያ አንዱን ጠርዝ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ሌላውን አስገቡ፤ በአንድ ጊዜ በድፍኑ ብትጫኑት ከሥሩ አየር ይቀራል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ወደ ሆዱ እስኪጠጋ ጫኑት። በጎን የሚወጡ አረፋዎችን ታያላችሁ፤ መውጣታቸውን እስኪያቆሙ ቀጥሉ። ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች መመልከት አለበት፤ ዘንበል ካለ ድምፁ ወደ ጎን ሄዶ ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳያል። ሆዱ በጣም የተንጋደደ ከሆነ ለዚያ የተዘጋጀ ድምፅ ላኪ ያስፈልጋል። ጥቂት አሸዋ የያዘ ከረጢት ጫኑበትና ቢያንስ 24 ሰዓት ሳትነኩት ተዉት። በብርድ ጊዜ ሙጫው ስለሚዘገይ ጊዜውን አስረዝሙ።

7ኛ) ሽቦውን መዘርጋት። የድምፅ ላኪውን ሽቦ አትቁረጡት፤ ቢተርፍም ጠቅልላችሁ እሰሩት። ከሞተሩ የእሳት ሽቦዎች አርቁት፤ ካልሆነ የሞተሩ ጩኸት በሰሌዳው ላይ ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል። መሣሪያውን በመመሪያው በተመለከተው ልክ ፊውዝ አድርጋችሁ ከባትሪው ጋር አገናኙ። ባትሪውንም ውሃ በማይደርስበት ከፍ ያለ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ።

፯. ቁጥሩን ማስተካከልና ማረጋገጥ

መሣሪያው የሚለካው ከድምፅ ላኪው ጀምሮ እንጂ ከውሃው ገጽ ወይም ከጀልባው ዝቅተኛ አካል ጀምሮ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ይሳሳታል። በምሳሌ እንየው።

ድምፅ ላኪው ከውሃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር በታች ተተክሏል እንበል። የሞተሩ ክንፍ ደግሞ ከውሃው ገጽ 70 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይገኛል። ሰሌዳው 2 ሜትር ቢያሳይ፣ እውነተኛው የውሃ ጥልቀት 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሞተሩ ክንፍ በታች የቀረው ውሃ ግን 1 ሜትር ከ60 ብቻ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ይህን ልዩነት መዝግበው ራሳቸው እንዲያሰሉ ማድረግ ይቻላል። ለጀልባው ደኅንነት የሚበጀው ከክንፉ በታች የቀረውን ውሃ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ጀልባው ጭነት ሲበዛበት የበለጠ ስለሚጠልቅ ይህን ልኬት ጭነት ባለበት ጊዜ ውሰዱ።

ከዚያ በኋላ በሦስት ስፍራ፣ ይኸውም በ2፣ በ5 እና በ8 ሜትር ገደማ፣ ጀልባውን አቁማችሁ በገመድም በመሣሪያም ለኩ። ቁጥሮቹን ከቀኑ ጋር በደብተር ጻፉ። የገመዱ ቁጥር ከውሃው ገጽ የተለካ በመሆኑ፣ መሣሪያው ከክንፉ በታች የሚያሳይ ከሆነ በምሳሌው መሠረት 70 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ አስተያዩ። ልዩነቱ በሦስቱም ስፍራ አንድ ዓይነት ከሆነ ማስተካከያው ብቻ ይለወጥ። ልዩነቱ ጥልቀት በጨመረ ቁጥር እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ድምፅ ላኪው ዘንበል ብሏል ማለት ነው።

፰. መሣሪያው የሚያሳስትበት ጊዜ

መሣሪያውን ማመን ጥሩ ነው፤ ዓይንን ጨፍኖ ማመን ግን አደጋ ነው። የሚከተሉትን እወቁ።

አንደኛ፣ መሣሪያው የሚያየው በታቹ ያለውን ነው እንጂ በፊቱ ያለውን አይደለም። ሰሌዳው 4 ሜትር እያሳየ ከፊታችሁ በጥቂት ሜትር ርቀት ድንጋይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ወደ ዳር ወይም ወደ ደሴት ስትጠጉ ፍጥነት ቀንሱ፤ አንድ ሰውም ዘንግ ይዞ ከፊት ይቁም።

ሁለተኛ፣ በጣም ጥልቀት በሌለው ስፍራ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ውሃ፣ ብዙ መሣሪያ በትክክል አይለካም። አንዳንድ ጊዜ ድምፁ ከወለሉ ተመልሶ፣ የውሃውን ገጽ ነክቶ፣ እንደገና ወርዶ ስለሚመለስ እጥፍ ጥልቀት ያሳያል። አንድ ሜትር የነበረው ሁለት ሜትር መስሎ ይታያል። ከዳር አጠገብ ቁጥሩ በድንገት እጥፍ ቢሆን ደስ አይበላችሁ፤ ቁሙና በገመድ ለኩ።

ሦስተኛ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ በቅጠሉና በሥሩ አየር ይይዛል። ድምፁ በእርሱ ውስጥ አያልፍም። እምቦጭ ከጀልባው ሥር ሲገባ የሚታየው ቁጥር ዋጋ የለውም።

አራተኛ፣ ጀልባው ሲፈጥን ቁጥሩ የሚጠፋና ሲዘገይ የሚመለስ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከሆዱ ሥር የሚያልፍ የአየር አረፋ ነው። ቦታው በሚገባ አልተመረጠም ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ለስላሳ ጭቃ ድምፁን ስለሚውጠው ደካማ ምልክት ይሰጣል፤ ድንጋይ ግን ጠንካራ ምልክት ይመልሳል። ይህን ልዩነት በሞራ ከተቀባው ቱምቢ ጋር እያስተያያችሁ ብትማሩ፣ የሐይቁን ወለል ዓይነት ከሰሌዳው ለይታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

፱. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢፖክሲ ካላገኘን በሌላ ሙጫ ማጣበቅ እንችላለን?
መልስ፦ እንደ ስፖንጅ የሚያብጥ ወይም በውስጡ አረፋ የሚይዝ ሙጫ ፈጽሞ አይሆንም። በመሣሪያው መመሪያ የተፈቀደውን ብቻ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ዓሣም ያሳያል ይባላል። እውነት ነውን?
መልስ፦ ሥዕል የሚያሳዩት ዓይነቶች ያሳያሉ። ዓሣ በሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት ስላለው ድምፁን ይመልሳል። ነገር ግን ይህ ያለ መጠን ለማጥመድ ፈቃድ አይደለም። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምቱ መጨረሻ፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣል። በዚያ ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የከርሞውን ዓሣ ዘንድሮ መጨረስ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነጭ ዓሣ እጅግ የቀነሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ካለ የነፍስ ማዳኛ ሰደርያ ያስፈልጋልን?
መልስ፦ ያስፈልጋል። መሣሪያው ድንጋይን ያመለክታል እንጂ የወደቀን ሰው አያወጣም። በጀልባው ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ይኑር።

፲. ለልማት ሠራተኞች

ይህን ለማኅበርተኞች ስታስተምሩ በመሣሪያው አትጀምሩ። በመጀመሪያ አንድ ሰው ጆሮውን በጠረጴዛ ላይ እንዲያደርግ ጠይቁና በሌላው ጫፍ ጣውላውን በጥፍር ጫሩ። ድምፁ በጣውላው ውስጥ በግልጽ ይሰማዋል። ከዚያ ጆሮውን በጥቂቱ ከጣውላው እንዲያነሣ አድርጋችሁ ደግማችሁ ጫሩ። ያው ድምፅ እጅግ ደክሞ ያገኘዋል፤ በመካከሉ አየር ገብቷልና። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ገበሬ አረፋ ያለበት ሙጫ ለምን እንደማይሠራ ዳግመኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የጥልቀት ደብተር እንዲይዝ አድርጉ። ጀልባ የሚወጣበትና የሚገባበት መንገድ በጥቅምትና በሰኔ ይለካ፤ ስውር ድንጋይ ያለበት ስፍራ በዳር ካለ ዛፍ ወይም ቤተ ክርስቲያን አንጻር ይመዝገብ። መሣሪያው ቢበላሽ ደብተሩ ይቀራል፤ ለአዲስ ጀልባ ነጂም መማሪያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከሐይቁ ርቃችሁ በሰከላና በሜጫ ተዳፋት የምትሠሩ፣ ይህ ነገር አይመለከተንም አትበሉ። በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ጀልባ የሚይዘው ደለል ከማሳ የታጠበ አፈር ነው። እርከን የሠራና የውሃ መውረጃውን በሣር የሸፈነ ገበሬ የራሱን አፈር ያተርፋል፤ በታች ላለው ጀልባ ነጂም መንገድ ይከፍታል።

በመጨረሻም የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንድገም። ድምፅ በጠጣር ነገርና በውሃ ያልፋል፤ በአየር ግን ይታገዳል። ስለዚህ ሆዱ ጠጣር የሆነ የፋይበር ግላስ ጀልባ ያላችሁ አትብሱት፤ በውሃ ከረጢት ፈትናችሁ ያለ አረፋ አጣብቁ። የእንጨትና የብረት ጀልባ ያላችሁ ከኋላ በማቀፊያ እሰሩ። የታንኳ ባለቤቶች ቱምቢያችሁን ያዙ። መሣሪያ የገጠማችሁም ብትሆኑ ገመዱን ከጀልባ አታውርዱት፤ ባትሪ ባለቀበት ሌሊት ወደ ቤት የሚያደርሳችሁ እርሱ ነው።